ዓመተ ፎርድ

በዲትሮይት አጠገብ፣ ሃይላንድ ፓርክ ላይ የነበረው የሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ ከውጭ አገር ለመጡ ሠራተኞቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በምረቃው ቀን የሚታየው ትርኢት እንዲህ ነው። መድረኩ ላይ የመርከብ ምስል ይቆማል፤ ከፊቱ ሰው የሚውጥ ግዙፍ ድስት ተጥዷል። ተመራቂዎቹ ያገራቸውን ልብስ እንደለበሱ፣ ጓዛቸውን እንደቋጠሩ ከመርከቡ እየወረዱ ወደ ድስቱ ይገባሉ። መምህራኑ በረጃጅም ማማሰያ ያማስላሉ። ጥቂት ቆይቶ ተመራቂዎቹ ከድስቱ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለቡ ነው።

ይህ የሆነው በ1910ዎቹ አጋማሽ ነው (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጪውን ዘመን አስፈሪ ገጽታ የሚስለውን፣ ዲስቶፒያ የሚባለውን ድርሰት ታሪክ ብዙ ሰው ከአምባገነንና ከወህኒ ቤት ይጀምረዋል። እኔ ከድስቱ እጀምራለሁ። ወደ ድስቱ በገባው ሰው ላይ ጠመንጃ የደቀነ አልነበረም፤ የጠራው ደመወዝ ነው።

ፎርድ በ1913 መገባደጃ ላይ ሥራው ራሱ ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረገ። መኪናው በሰንሰለት እየተጎተተ ያልፋል፤ አንዱ ብሎን ያስገባል፣ ሌላው ያጠብቃል፣ ብሎኑን ያስገባው አያጠብቅም። ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የአንድ መኪና ሻንሲ መገጣጠም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ብሎን ሲያጠብቅ መዋል ልብን ያደርቃል፤ ሠራተኛው ሥራውን እየጣለ ይሄድ ጀመር። ፎርድ በጃንዋሪ 1914 የቀን ደመወዙን 5 ዶላር፣ ማለትም ከቀድሞው እጥፍ ገደማ አደረሰው። ገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ኩባንያው ያቋቋመው የሶሲዮሎጂ መምሪያ ሰዎቹን ወደየቤቱ እየላከ ሠራተኛው ቤቱን በንጽሕና መያዙን፣ መጠጥ አለማብዛቱን፣ መቆጠቡን ያስጠይቅ ነበር። በደንቡ መሠረት የኖረ ሙሉውን ያገኛል።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1911፣ ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራተኛን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በሰከንድ መለኪያ ሰዓት እየለኩ ሥራን ስለማቀላጠፍ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የቴይለር ሰዓት ወደ ልብ ወለድ የገባው በሌላ መሐንዲስ እጅ ነው።

የቭጌኒ ዛሚያቲን ሩሲያዊ የመርከብ መሐንዲስ ነበር። በ1916 ለአገሩ የሚሠሩትን በረዶ ሰባሪ መርከቦች እንዲቆጣጠር ወደ እንግሊዟ ኒውካስል ተላከና አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተቀመጠ። ቀን ቀን የመርከብ ጣቢያው ውስጥ ይውላል፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡትን የሰፈሩን ጨዋ ሰዎች ያያል። ባርኔጣቸው አንድ፣ ከዘራቸው አንድ፣ አረማመዳቸው አንድ፣ ከአንድ ፋብሪካ ተመርተው የወጡ ይመስላሉ። በእነዚህ ሰዎች ላይ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ቄስ አለ፤ ለምግብ ሰዓት፣ ለንስሐ ሰዓት፣ ለሚስት ሰዓት መድቦ በሰንጠረዥ የሚኖር። ዛሚያቲን ገና ወደ ሩሲያው አብዮት አልተመለሰም ነበር። የፍርሃቱ ፍሬ የተዘራው ጸጥ ባለ፣ በልቶ ባደረ የእንግሊዝ ሰፈር ነው።

በ1917 ወደ ፔትሮግራድ ከተመለሰ በኋላ ያ የቄስ ሰንጠረዥ የመንግሥት ዕቅድ ሲሆን አየ። ሌኒን ራሱ የቴይለርን ዘዴ እንማር ይል ነበር። ዛሚያቲን በ1920 እና በ1921 ‹‹እኛ›› የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። በእሱ ዓለም ሰው ስም የለውም፣ ቁጥር እንጂ። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይነሣል፣ በአንድ ደቂቃ ማንኪያውን ያነሣል፤ አንዱን ጉርሻ 50 ጊዜ ማኘክ ሕግ ነው። እንደ አንድ ልብ መካሪ፣ እንደ አንድ ቃል ተናጋሪ የሚለው ያገራችን አነጋገር እዚያ የኑሮ ደንብ ሆኗል። የቤቶቹ ግድግዳ መስታወት ነው። መጋረጃ የሚወርደው ሮዝ ቀለም ኩፖን ለያዘ ሰው፣ ለተወሰነች ሰዓት ብቻ ነው።

የመጽሐፉ ተራኪ ዲ-503 መሐንዲስ ነው፤ በመስታወቱ ይኮራል። ቀስ በቀስ በአንዲት ሴት ፍቅር ይጠመድና ነፍስ ያበቅላል፤ ሐኪሞቹም ነፍስ ማብቀሉን እንደ በሽታ ይነግሩታል። መጨረሻው ላይ መንግሥት የሰውን ምናብ ነቅሎ የሚያወጣ ሕክምና ያገኛል። ዲ-503 ከሕክምናው በኋላ ያቺ የወደዳት ሴት ስትሠቃይ ተቀምጦ ያያል። የፊቷን ንጣት ያስተውላል፤ ውብ መሆኑንም ይመዘግባል። ሌላ ምንም አይሰማውም። ይህን ገጽ ሳነብ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ መቀመጥ አለብኝ።

የሶቪየት ሳንሱር መጽሐፉን አላሳለፈውም። በ1924 ኒውዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ። ዛሚያቲን በአገሩ የሚያሳትመው፣ የሚያናግረው አጣ። በ1931 በቀጥታ ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ፤ መጻፍ የተከለከለ ደራሲ የሞት ፍርድ እንደተፈረደበት ይቆጠራል፣ ስለዚህ ልሂድ የሚል ነበር። በማክሲም ጎርኪ አማላጅነት ተፈቀደለትና ፓሪስ ገባ። በ1937 እዚያው፣ በስደት፣ በድህነት ሞተ።

ወደ ፎርድ እንመለስ። በ1926 ፋብሪካዎቹ በሳምንት 5 ቀን ብቻ እንዲሠሩ አደረገ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ዕረፍት ያለው ሰው ልብሱም ምግቡም መጓጓዣውም ይበዛል፣ ሲሠራ የሚውል ሰው ግን የሚገዛበት ፋታ የለውም የሚል ነው። በዚሁ ዓመት አልደስ ሃክስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ ፓስፊክን በመርከብ ሲያቋርጥ ከመርከቡ ቤተ መጻሕፍት የፎርድን የሕይወት ታሪክ አግኝቶ አነበበ። ሃክስሊ በልጅነቱ በያዘው የዓይን ሕመም ሊታወር ምንም ያልቀረው፣ ዕድሜውን ሙሉ እየተቸገረ ያነበበ ሰው ነው። ከመርከቡ ወርዶ ያያት ካሊፎርኒያ መጽሐፉን በሥጋ ለብሳ ጠበቀችው፦ ሙዚቃ፣ መኪና፣ ሲኒማ፣ ፈገግታ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ደቡብ ፈረንሳይ ሳናሪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ በጥቂት ወራት ውስጥ ‹‹ብሬቭ ኒው ዎርልድ››ን ጻፈ፤ በ1932 ታተመ። እኛ ዓመተ ምሕረት እንደምንል የእሱ ዓለም ሰዎች ዓመተ ፎርድ ይላሉ። ዘመናቸው የሚቆጠረው ሞዴል ቲ የተባለችው መኪና ከወጣችበት ከ1908 ጀምሮ ነው። የመስቀሎቹ ሁሉ አናት ተቆርጦ ቲ ፊደል ሆነዋል።

ከመጽሐፉ አንድ ቦታ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ገና ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት፣ ካኪ የለበሱ፣ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ጽጌረዳና ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተደርድሯል። ሕፃናቱ ደስ ብሏቸው እየዳሁ ይሄዳሉ፤ አበባውን ይነካሉ፣ ገጹን ያሻሻሉ። ያኔ ኃላፊዋ ማብሪያ ማጥፊያውን ትጫናለች። ሳይረን ይጮኻል፣ ደወል ይደወላል። ቀጥሎ ወለሉ በኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። ጩኸቱ ሲቆም አበባውና መጽሐፉ እንደገና ይቀርብላቸዋል፤ ሕፃናቱ እየጮኹ ይሸሻሉ። ይህ 200 ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን አበባ አይወዱም።

መጽሐፍ መጥላታቸው ይገባል፤ ለገዥ ያሰጋል። አበባ ግን ምን አደረገ? ሕፃናቱ የሚሠለጥኑበት ማዕከል ዳይሬክተር ለተማሪዎቹ ያስረዳል። በፊት ዝቅተኛው መደብ ወደ ገጠር ለመሄድ የትራንስፖርት ብር እንዲያወጣ ሲባል አበባ እንዲወድ ይደረግ ነበር። ሆኖም ሜዳ ላይ የበቀለ አበባ በነፃ ይታያል፤ ፋብሪካ አያሠራም። ስለዚህ ገጠሩን እንዲጠላ፣ በገጠር የሚደረገውን ስፖርት ግን እንዲወድ ተደረገ። ስፖርቱ መሣሪያ ይፈልጋል፣ መሣሪያው ይገዛል፣ መንገዱም ይከፈልበታል። በእኔ ግምት የሃክስሊ መጽሐፍ ልብ ያለው እዚህ ነው። የዛሚያቲን መንግሥት የሚፈራው የሚያስበውን ሰው ነበር። የሃክስሊው መንግሥት በነፃ የሚደሰተውንም ሰው ይፈራል።

በዚያ ዓለም ሕፃናት በተኙበት ጆሯቸው ላይ ትምህርት ይንሾካሾክላቸዋል፤ ከትምህርቱ አንዱ የተቀደደ ልብስ ከመስፋት መጣልና አዲስ መግዛት እንደሚሻል ነው። ሊንዳ የተባለችው ሴት ካደገችበት ከተማ ርቃ በአንድ የገጠር ክልል ስትቀር ልብሷ ይቀደዳል። መርፌና ክር መያዝ አልተማረችም፤ መጣፍ ለእሷ ነውር ነው። የእኔ እናት የታላቅ ወንድሜን ሱሪ ጉልበቱን ጥፋ ታለብሰኝ ነበር። የተጣፈውን ጉልበት ትምህርት ቤት በእጄ ሸፍኜ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ማንም በተኛሁበት አልሰበከኝም፤ ኀፍረቱ ግን ከየት መጣ?

በ1949 የታተመውን የጆርጅ ኦርዌልን ‹‹1984›› የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ አላረዝምበትም። ኦርዌል ‹‹እኛ››ን አንብቦ በ1946 ሂስ ጽፎበታል፤ ከዚያ ጁራ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ በሳንባ ነቀርሳ እየተሠቃየ የራሱን ጻፈ። የእሱ ዓለም የእጦት ዓለም ነው፤ ምላጭ የለም፣ ቡናው ቡና አይደለም፣ የቸኮላት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይቀነስና ሕዝቡ ስለጨመራችሁልን ብሎ ሰልፍ ይወጣል። ሃክስሊ አንድ ወቅት በኢተን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ያስተማረው ይኸው ሰው ነው። መጽሐፉን ልኮለት በኦክቶበር 1949 መልስ አገኘ። ሃክስሊ አድንቆት ሲያበቃ የወደፊት ገዥዎች በዱላና በእስር ቤት ከመድከም ሰውን ከሕፃንነቱ አሠልጥነው ባርነቱን እንዲወድ ማድረጉ እንደሚቀላቸው ጻፈለት። ኦርዌል ከሦስት ወር በኋላ አረፈ።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በርካሽ ወረቀት በሚታተሙ የአሜሪካ መጽሔቶች ነው፤ ይህ ክፍል በሚገባው መጠን ሲወደስ አላየሁም። ፍሬድሪክ ፖል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆኖ ይሠራ ነበር። ከጓደኛው ከሲረል ኮርንብሉዝ ጋር በ1952 ‹‹ጋላክሲ›› መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣው፣ በ1953 መጽሐፍ የሆነው ‹‹ስፔስ መርቻንትስ›› ዓለምን የሚገዙት የማስታወቂያ ድርጅቶች የሆኑበትን ዘመን ይተርካል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ የማስታወቂያ ሰው ነው፤ በተንኮል ማንነቱን ተነጥቆ ተራ የጉልበት ሠራተኛ ይሆናል። እዚያ የሚሆነውን ተመልከቱ። ለመክሰስ የሚሸጠው ብስኩት ለስላሳ መጠጥ ያስጠማዋል። መጠጡ ሲጋራ ያሰኘዋል። ሲጋራው መልሶ ብስኩቱን ያስርበዋል። ደመወዙ አይበቃም፤ ዱቤ ይገባል። ዱቤው እስኪያልቅ ሥራውን መልቀቅ አይችልም። አጥር የለም፣ ዘበኛም የለም።

ፖል በ1954 ደግሞ ነገሩን ገልብጦ አሳየ። ‹‹ሚዳስ ፕሌግ›› በተባለው ታሪኩ ሮቦቶች ያለማቋረጥ ያመርታሉ፤ የተመረተው ደግሞ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ድሃ የሚባለው ብዙ እንዲበላ፣ ብዙ እንዲለብስ፣ ሰፊ ቤት ውስጥ እንዲኖር የተፈረደበት ሰው ነው። ሀብታሙ በትንሽ ቤት፣ በጥቂት ዕቃ ይኖራል፤ መሥራትም ይፈቀድለታል። ሞሬ የተባለው ጎልማሳ የራሽን ደብተር አለው። ደብተሩ የሚቆጣጠረው የተረፈውን ነው፤ ያልበላው ምግብ፣ ያላነተበው ልብስ ይመዘገብበታል። ሚስቱ ከሀብታም ቤት የመጣች ስለሆነች ይህን ሁሉ ዕቃ መሸከም አቅቷት ታለቅሳለች። በመጨረሻ ሞሬ አንድ ዘዴ ይመጣለታል፤ ልብሱን ሮቦቶቹ ይልበሱት፣ ጫማውን ሮቦቶቹ ይጨርሱት ብሎ ሌሊት ሌሊት ያለብሳቸዋል። ወንጀል ሠራሁ ብሎ ሲንቀጠቀጥ ይሸለማል። ልብስ የሚሠሩት ሮቦቶች፣ ልብሱን የሚጨርሱት ሮቦቶች፤ ሰው ከመሐል ወጣ።

በዚሁ ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሬይ ብራድበሪ ቢሮ መከራየት ስላልቻለና ቤት ውስጥ መጻፍ ስላልሆነለት ወደ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ወረደ። እዚያ ለግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲም የሚበሉ የኪራይ የጽሕፈት መኪናዎች ነበሩ። ሳንቲሙ ሲያልቅ መኪናው ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ እየሮጠ ይጽፋል። በ9 ቀን 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም ከፈለ። ያ ረቂቅ አድጎ በ1953 ‹‹ፋራናይት 451›› ሆነ።

መጽሐፍ ስለሚያቃጥሉ የእሳት ሠራተኞች መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የዋናው ገጸ ባሕርይ ሚስት ሚልድሬድ ናት። የሳሎኗ ሦስት ግድግዳዎች ቴሌቪዥን ናቸው፤ አራተኛው እንዲገጠምላት ባሏን ትነዘንዛለች። ዋጋው 2,000 ዶላር፣ የባሏ የዓመት ደመወዝ ሲሶ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዎች ቤተሰቦቼ ትላቸዋለች። ማታ ጆሮዋ ውስጥ ትንንሽ ሬዲዮ ሰክታ ትተኛለች። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ የእንቅልፍ ክኒን በልታ ልትሞት ስትል ሁለት ሰዎች መሣሪያ ይዘው መጥተው ሆዷን ያጥባሉ። ሐኪም አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ጥሪ በየሌሊቱ ስለሚበዛ ባለሙያ አያስፈልገውም። ጠዋት ተነሥታ ምንም አታስታውስም፤ እርቦኛል ትላለች።

የእሳት ሠራተኞቹ አለቃ ቢቲ መጻሕፍቱ እንዴት እንደጠፉ ሲያስረዳ መንግሥት አስቀድሞ እንዳልከለከለ ይናገራል። ብዙኃን ይመውኡ ሆነ፤ ማንም እንዳይከፋ ሁሉም ነገር እያጠረ፣ እየለሰለሰ ሄደ፤ ሕዝቡ ራሱ ማንበቡን ተወ፤ እሳቱ የመጣው ኋላ ነው። ብራድበሪ ይህን ሲጽፍ የገዛ አገሩ ፊቱ ላይ እየተለወጠ ነበር። በ1950 ከ10 የአሜሪካ ቤቶች አንዱ ያህል ብቻ ነበር ቴሌቪዥን ያለው፤ በ1960 ከ10 ዘጠኙ ገደማ ነበረው።

በ1956 ቪክተር ግሩን የተባለ፣ ናዚን ሸሽቶ ከቪየና የተሰደደ አርክቴክት ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴልን ገነባ፤ ጣሪያው የተዘጋ፣ ክረምት ከበጋ አየሩ የማይለወጥ የመጀመሪያው የገበያ አዳራሽ። ግሩን ያሰበው እንደ ቪየና አደባባይ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ነበር። የተረፈው መገበያያው ብቻ ስለሆነ አዝኖ ኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጆርጅ ሮሜሮ የሞቱ ሰዎች የሚሄዱበትን፣ በ1978 የወጣውን ‹‹ዶውን ኦቭ ዘ ዴድ›› ፊልም የቀረጸው በፔንሲልቬኒያ እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ሌሊት ሌሊት ነው። ሙታኑ ወደ አዳራሹ የሚጎርፉት በሕይወት ሳሉ እዚያ መምጣት ስለለመዱ ነው። መስታወቱን በእጃቸው ይዳስሳሉ።

በ1988 ሁለት ነገር ሆነ። ጆን ካርፔንተር ‹‹ዜይ ሊቭ›› የሚለውን ፊልም አወጣ። አንድ የቀን ሠራተኛ ጥቁር መነጽር ያገኛል፤ ሲያደርገው የመንገዱ ማስታወቂያ ሁሉ ታዘዙ፣ ግዙ፣ ተኙ የሚል ትእዛዝ ሆኖ ይታየዋል። ጓደኛውን መነጽሩን አድርግ ይለዋል፤ ጓደኛው አሻፈረኝ ይላል፤ በጠባብ መንገድ ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይደባደባሉ። ሰው ላለማየት ይህን ያህል ይዋጋል።

ሁለተኛው፣ ‹‹እኛ›› በሞስኮ መጽሔት ላይ፣ በደራሲው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ደራሲው ከሞተ 51 ዓመት ሆኖት ነበር። የሩሲያ አንባቢ የመስታወቱን ከተማ በራሱ ቋንቋ ባነበበ በሁለተኛው ዓመት፣ በጃንዋሪ 31፣ 1990፣ በሞስኮው ፑሽኪን አደባባይ ላይ የአገሩ የመጀመሪያው ማክዶናልድስ ተከፈተ፤ በዚያች ቀን ብቻ 30,000 ያህል ሰው ተስተናገደ። በርገሩ የትም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ ለዚያ ነው ሰው የተሰለፈው። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆመ፣ የስኳር ኩፖን ይዞ ያደረ ያገሬ ሰው በዚህ ሕዝብ አይፈርድም። እኔም አልፈርድም። ከእጦት የወጣ ሰው መጥገብ መብቱ ነው፤ ከጥጋቡ ጋር የመጣውን ለማየት ግን ጊዜ ይወስድበታል።

በዲሴምበር 2011 የእንግሊዙ ቻናል 4 ‹‹ብላክ ሚረር›› ከተባለው ተከታታይ ሁለተኛውን ክፍል አሳየ። ቢንግ የሚባል ወጣት አራቱም ግድግዳ ስክሪን በሆነበት ጠባብ ክፍል ይኖራል፤ ቀን ቀን የማይንቀሳቀስ ብስክሌት እየነዳ ነጥብ ያጠራቅማል። ማስታወቂያ መዝለል ነጥብ ያስከፍላል። ዓይኑን ቢጨፍን ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ዓይኑን እስኪገልጥ ይጮኽበታል። የሚወዳትን ልጅ ዝና በሚሰጠው የመድረክ ውድድር ላይ ካጣት በኋላ፣ ከሰበረው ስክሪን አንድ ስባሪ መስታወት ይደብቃል። 15 ሚሊዮን ነጥብ ለማጠራቀም ወራት ይነዳል፤ መድረኩ ላይ ይወጣል፤ ስባሪውን አንገቱ ላይ አድርጎ ያቃጠለውን ሁሉ ይናገራል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ዳኛው ቆይቶ ንግግሩ ድንቅ እንደነበር ይነግረውና በሳምንት ሁለት ጊዜ የራሱ ፕሮግራም እንዲኖረው ያቀርብለታል።

ቢንግ ይቀበላል። ፕሮግራሙ ላይ መስታወቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ይጮኻል፤ ብስክሌት ላይ ያሉት እየነዱ ያዩታል። ሲጨርስ ስባሪውን በጥንቃቄ በሳጥኑ ውስጥ ያስተኛል። አዲሱ ክፍሉ ሰፊ ነው። የብርቱካን ጭማቂውን ይዞ ሰፊው መስኮት ፊት ይቆማል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ጫካ ይታያል፤ እውነተኛ ይሁን ስክሪን አይለይም።